ዶሮውን ማን አረደው

ከጊምቢቹ የመጣው አውራ ዶሮ ዶሮ ብቻ አይባልም፤ ክንፍ ያለው ጠቦት ነው። ሲጮኽ የሞርሲቶ ገበሬ ነጋ ብሎ በሬውን ይጠምዳል። ለአዋላጇ ለተናኜ ያመጣላት፣ ሚስቱን በሰላም ያገላገለችለት አባወራ ነው። እሷም ማክሰኞ ጠዋት የሥራ ባልደረባዋን እልፍነሽን ከነባሏ ከአቶ ቸኮል ጋር ለራት ጠራች። ወጥ እንዳይመስላችሁ አለች፤ ፓስታ በዶሮ፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን የገባበት፣ ጣሊያን ቢቀምሰው አገሩን የሚረሳበት።

ባሏ ወልደ ማርያም ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ተናኜ ከሰው ጋር ራት በልታ አታውቅም። ድስቷ ራሱ ብቸኝነት ለምዶ፣ ከአንድ ሰው በላይ ሲጨመርበት ይደነግጣል። ዛሬ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ብላ የምታጎርሰው ሰው ካላገኘች የምታብድ መሰላት። ነገ ረቡዕ ነው፤ ጾም። ወይ ዛሬ፣ ወይ የለም።

ከሥራ ስትመለስ ግን አራጅ ጠፋ። ሴት ዶሮ አታርድም፤ ብታርድም የሚቀምስላት የለም። የሰፈሩ ወንድ ደግሞ አንድ ሳይቀር ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። ያ ስብሰባ ሲጀመር የተዘራ ካሮት ሲያልቅ ለገበያ ይደርሳል። ተናኜ ቢላዋ ይዛ ደጃፏ ላይ አላፊ አግዳሚ ጠበቀች። ያለፈችው አንዲት አህያ ናት፤ እሷም ሴት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የወልደ ማርያምን ካፖርት ለብሳ ጓሮ ገባች። እጅጌው ጣቷን ዋጠው። «በስመ አብ» ብላ ዓይኗን ጨፍና አረደች።

ከዚያ በኋላማ ምን ይወራል! ነጨች፣ በለተች፣ በሽንኩርትና በቲማቲም አቁላላች፤ ካሮቱንና ጎመኑን ጨመረች፤ ፓስታውን ለሁለት ሰብራ ቀቀለች። ሽታው ዱራሜ ድረስ ሰው ከመኝታው አስነሳ።

እንግዶቹ መጥተው ሳህኑ ሞላ። እልፍነሽ ሹካዋን እንዳነሳች፣

«ለመሆኑ ማን አረደልሽ?» አለች።

እኔ ብትል ሹካው ይቀመጣል። ጎረቤት እንዳትል፣ ወንዱ ሁሉ ከቸኮል ጋር ተሰብስቦ ነው የዋለው።

«ወልደ ማርያም» አለች ተናኜ።

እልፍነሽ በደስታ ልታብድ ደረሰች። መቼ መጣ፣ የት ገባ፣ እንዴት አትነግሪኝም፤ ጎረቤቱን ልትጠራ ብድግ ስትል ቸኮል ክንዷን ያዛት። ቸኮል የቀበሌው ጸሐፊ ነው። ወሬው ከዚህ ቤት ከወጣ፣ ወልደ ማርያም ከግንባር ጠፍቶ መጣ ተብሎ ነገ ተናኜ እንደምትያዝ ያውቃል።

«ስትቀልድብሽ ነው» አላት። «እኔ ነኝ ያረድኩላት። ከስብሰባው ሾልኬ ብቅ ብዬ።»

«አንተ? ደም ስታይ የሚያዞርህ ሰውዬ?»

«እያዞረኝ አረድኩት።» ይህን ብሎ ፈረሰኛውን አነሳና ጎረሰ። ተናኜን ቀና ብሎ አላያትም።

እልፍነሽ እየሳቀች ተቀመጠች፤ በላች፤ ጨመረች። ተናኜም እንዳሰበችው በሞቴ እያለች አጎረሰቻቸው። የራሷን ሳህን ግን ገፋ አደረገችው። ስሙን ስትጠራ ለአንዲት እስትንፋስ ያህል ወልደ ማርያም ጓሮ እጁን እየታጠበ ነበር፤ አሁን ይገባል ብላ ራሷም ወደ በሩ ዞር ብላ ነበር። ቸኮል በአንድ ቃል መልሶ አዘመተው።

ሰዓት እላፊው ሳይደርስ እንግዶቹ አመስግነው ወጡ። የተረፈው ፓስታ አንድ ክፍለ ጦር ያጠግባል። ተናኜ ድስቱን ከደነች፤ ረቡዕ እስኪገባም በሩን እያየች አጠገቡ ተቀመጠች።