የዴልፊና ቁጥር

የዚያን ዕለት ባሕሩ ጸጥ ማለቱ ለሁሉም ደስታ ሲሆን ለኤቫሪስቶ ግን ቅጣት ሆነበት። ከደቡቡ በረዶ ወደ ወደቧ ከተማ ወደ ኡሽዋያ የሚመልሰው ይህ ባሕር ሰው ሲያንገላታ የኖረ ነው፤ ሰሃን ይሰብራል፣ ጎረምሳውን ሳይቀር አልጋ ላይ አጋድሞ እናቱን ያስጠራዋል። ዛሬ ግን እንደ ኩሬ ተኝቷል። ስለዚህ መንገደኛው በሙሉ ሳሎን ውስጥ ተሰብስቦ ካርታ ይጫወታል፣ የፔንግዊን ፎቶ ይተያያል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዴልፊናን ታሪክ ይሰማል። ማዕበል ቢሆን ኖሮ ሁሉም በየክፍሉ ተኝቶ ያቃስት ነበር። ኤቫሪስቶ ከጠዋት ጀምሮ በመስኮት እያየ ማዕበል ሲመኝ ነው የዋለው።

ዴልፊና ሚስቱ ናት። ትናንት ከሰዓት በረዶው ላይ ተረስታ ቀርታ ነበር።

«ከድንጋዩ ጀርባ ቁጭ ብዬ ወፎቹን ሳይ ቆየሁና ቀና ብል ጀልባ የለ፣ ሰው የለ» ትላለች፣ ማቴ በሚሉት ያገራቸው ሻይ ቅጠል ላይ ሙቅ ውሃ እየጨመረች። «መርከቧ ጭራሽ ጉዞ ጀምራለች። ያቺ ልጅ ናት ጥላኝ የሄደችው፣ ያቺ ያሚላ።» ይህን ብላ ኩባያውን ለባሏ ታቀብለዋለች። አንዱ ኩባያ በተራ ይዞራል፤ በዴልፊና እጅ ደግሞ ከተጋቡ ጀምሮ የመጀመሪያው ተራ የኤቫሪስቶ ነው። ዛሬ ግን ማቴውን ሳይጨርስ ይመልስላታል።

ያሚላ በረዶው ላይ መንገደኞቹን የምትመራ የኡሽዋያ ልጅ ናት። ትናንት ከዳርቻው በመጨረሻ የተነሳችው እሷ ነበረች። የጉዞው ኃላፊ አንሴልሞ፣ ነገ ወደብ ሲደርሱ ዕቃዋን ይዛ እንድትወርድና ሁለተኛ እንዳትመለስ ነግሯታል። ወሬው መርከቧን አዳርሷል።

በመርከቧ መውጫ በር አጠገብ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የእያንዳንዱ መንገደኛ ቁጥር ያለባት ክብ ፕላስቲክ እዚያ ላይ ተንጠልጥላለች፤ በአንድ ፊቷ ቀይ፣ በሌላው ነጭ ናት። ወደ በረዶው የሚወርድ ሰው ወደ ቀዩ ይገለብጣታል፣ ሲመለስ ወደ ነጩ። ሁሉም ነጭ ሲሆን መልህቅ ይነሳል። ደንቡ ሁሉም የራሱን ብቻ ይገልብጥ ይላል። ኤቫሪስቶ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚስቱንም ይገለብጥላት ነበር። ዴልፊና ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃውን ወጥታ እስክትደርስ ታለከልካለች፤ እሱ ቀድሞ የሁለታቸውንም ገልብጦ ይጠብቃታል። አይፈረድበትም፤ በዚያ ዕድሜ ፍቅር የምትቀረው እንዲህ ባለች ትንሽ ነገር ውስጥ ነው።

ትናንት ግን በረዶው ላይ ተጣሉ። ጓንቴን አምጣልኝ ብላው ክፍል ውስጥ ረስቶት ወጥቶ ነበር።

«አንተ መቼ ነው ከራስህ ሌላ ሰው የምታስታውሰው?» አለችው።

ተቆጥቶ ባገኘው ጀልባ ብቻውን ተመለሰ። ሰሌዳው ጋ ሲደርስ እጁ እንደለመደው ሁለቱንም ገለበጠ። ከዚያ ትኩስ ቸኮሌት ጠጥቶ ተኛ።

የባሰው ግን ይህ አይደለም። ሲነቃ ዴልፊና በክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። አኩርፋ ሳሎን ተቀምጣለች ብሎ አሰበ፤ ጸጥታው ደስ አለው። መርከቧ ስትንቀሳቀስ እንኳ ብርድ ልብሱን ስቦ ገልበጥ አለ። ለሻይ ሲቀመጡ ወንበሯ ባዶ ሆኖ ነው ነገሩ የታወቀው። ተመልሰው ሲያገኟት ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። አንሴልሞ «ቁጥሩን ማን ገለበጠው?» ብሎ ሲጠይቅ ኤቫሪስቶ ለሚስቱ ብርድ ልብስ ይደርብላት ጀመር። ዴልፊና ስትወጣ ቁጥሯ ከመጀመሪያውም ወደ ቀይ ሳይገለበጥ ቀርቶ ይሆናል ተባለ፤ መንገደኞቹ ሲወጡ በሩ ላይ ቆማ የተቆጣጠረችው ደግሞ ያሚላ ናት። ጥፋቱ በልጅቷ ላይ ተላከከ፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

አሁን ዴልፊና ታሪኩን ለአዲስ አድማጭ ከመጀመሪያው ስትጀምር መቀመጥ አቃተውና ወደ ታች ወረደ። ያሚላ መንገደኞቹ የመለሱትን የጎማ ቦት ጫማ እያጠበች ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«ልጄ» አላት፣ «የገለበጥኩት እኔ ነኝ።»

ብሩሹን አላቆመችም። «አውቃለሁ፣ ዶን ኤቫሪስቶ። በየቀኑ ሲገለብጡላት አይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ክልክል ነው ልልዎት ይገባ ነበር። ግን ደስ ስለሚለኝ ተውኩት። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።»

«ትናንትስ? አንሴልሞ ሲጮህብሽ?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ።» ቦቱን ገልብጣ ውሃውን አፈሰሰች። «ኋላ ደግሞ ተውኩት። እኔ ሌላ መርከብ አላጣም፤ እርስዎ ሌላ ሚስት ከየት ያመጣሉ?»

ለቀልድ ነበር ያለችው። እሱ ግን በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። እጇን ይዞ ሳሎን አወጣት፤ አንሴልሞንም ጠራው።

«ዴልፊና፣ ቁጥርሽን የገለበጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «ይቺ ልጅ አልረሳችሽም።»

ካርታ ተጫዋቾቹ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አንሴልሞ ጺሙን አሻሸ። «ትናንት ቢናገሩ ምን ነበረበት?» አለና ወደ ያሚላ ዞረ። «አትወርጂም። ኋላ እንነጋገራለን።»

ዴልፊና ባሏን ብቻ ነበር የምታየው። «ክፍል ውስጥ እንደሌለሁ አላየህም?»

«አየሁ።»

«እና?»

መዋሸት ይችል ነበር። «አኩርፈሽ መሰለኝ» አለ። «ጸጥታው ደስ አለኝ።»

ዴልፊና ዓይኗን ከእሱ ነቀለች። «ነይ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጪ» ብላ ለያሚላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት። ማቴውን ቀድታ መጀመሪያ ለእሷ ሰጠቻት። ቀጥሎ ለአንሴልሞ ቀዳች፣ ከዚያ ለካርታ ተጫዋቾቹ በየተራ። ኩባያው ዞሮ ዞሮ ሲመለስ ኤቫሪስቶ እጁን ዘረጋ።

ዴልፊና ቀዳችና ራሷ ጠጣችው።