በቅንፍ የተጀመረ ሊግ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዚህ በታች አንዲት የተጋነነች ቃል ከተገኘች፣ የተናገራት ምላስ እንደ አሮጌ ካልሲ ተጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ትቀመጥ! ምስክር ያሻው ምስክር አለ፤ ያውም እስከ መጨረሻው ድረስ መኪና ውስጥ የተቀመጠ።

መብረቁን የማያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ የለም። ካለም መንጃ ፈቃድ የለውም ማለት ነው። የከተማውን ሾፌር ግማሹን ያሠለጠነው እሱ ነው፤ ሌላው ግማሽ በየመንገዱ የሚጋጨው እሱ ስላላሠለጠነው ነው። ሃምሳውን ተሻግሯል፣ ሆዱም ከመሪው ጋር ጉርብትና ጀምሯል። «መብረቁ» የሚለውን ስም ያወጣለት ሕዝቡ ነው፤ ለሕዝቡ ቀድሞ የነገረው ራሱ ቢሆንም።

ይህ ሰው ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ የአገሪቱ ፕሮፌሽናል ሊግ በተከፈተበት ቀን፣ በመክፈቻው ጨዋታ ላይ የሊጉን የመጀመሪያ ጎል አግብቷል። በዚያን ዕለት ስታዲየም የገባውን ሕዝብ መቁጠር ዘበት ነው። ሌቦች እንኳ ባዶውን ከተማ ጥለው ጨዋታ ሊያዩ ገብተው ነበር። የማዕዘን ምት ከግራ በኩል ተሻገረ። መብረቁ ተነሣ። ሲነሣ አግዳሚው ብረት ከደረቱ በታች ቀረ፤ አንዲት እርግብ መንገድ ለቀቀችለት። በግንባሩ ገጫት። ዳኛው ፊሽካውን ለመንፋት ትንፋሽ አጣ፣ መረቡም እስከ ማግሥቱ ሲወዛወዝ አደረ።

ይህን ለተማሪዎቹ ሁሉ ነግሯል። አንደኛ ማርሽ ላይ ማዕዘኑ ይመታል፤ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ዝላዩ ይጀመራል፤ ወደ ኋላ ሄዶ ማቆም ሲመጣ ደግሞ ጎሉ ይገባል። ጎሉ ሳይገባ መኪና ያቆመ ተማሪ ፈተና ወድቋል ይባላል።

ታዲያ አንድ ጠዋት ነርስ የሆነች ተማሪው አደባባይ ስትዞር፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «ጋሼ፣ የሊጉ የሠላሳ ዓመት ታሪክ መጽሐፍ ሊወጣ ነው አሉ። ረቂቁን ትናንት ስልኬ ላይ አየሁት» አለችው።

«የኔን ጎል ከስንተኛው ገጽ ጀመሩት?»

«የመጀመሪያው ጎል እኮ የእርስዎ አይደለም፣ ጋሼ።»

የማሠልጠኛ መኪና፣ ለማያውቅ ሰው፣ ሁለት ፍሬን አለው፤ አንዱ በተማሪው እግር ሥር፣ ሌላው በአሠልጣኙ። መብረቁ የራሱን እስከ ወለሉ ረገጠው። መኪናዋ አደባባዩ መሃል ቀጥ አለች። የጡሩምባው ጩኸት ጎረቤት ከተማ ተሰማ።

«የማን ነው ይላል?»

«ግንቡ ይላል። ከዚያ ደግሞ በቅንፍ… በራሱ ላይ።»

ግንቡ የተጋጣሚው ቡድን ተከላካይ ነበር።

መብረቁ በሊጉ የተጫወተው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው፤ ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። ሌላ ጎል የለውም። ያቺ አንዲት ጎል ከተወሰደችበት፣ መጽሐፉ ውስጥ ከስሙ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ዜሮ ነው። ያ ዜሮ ደግሞ በየመደብሩ ሊሸጥ ነው፤ ልጆቹ ሊያነቡት፣ የጎሉን ወሬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «እንግዲህ ይሁን» እያለች የሰማችው አማቱ በመነጽሯ ልታየው ነው። እርማት የሚቀበሉት እስከ ዓርብ ድረስ ብቻ ነበር።

ተማሪዋን በጠራራ ፀሐይ አውርዶ ወደ ሊጉ ቢሮ በረረ። የስታቲስቲክስ ኃላፊዋ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ጣሪያ የነካ የፋይል መደርደሪያ ሥር፣ የሚያቃስት ማራገቢያ ከጎኗ አቁማ ትሠራለች። ልጅ እግር ናት፤ ግን የሠላሳውን ዓመት ጎል ሁሉ ከዳኞች ሪፖርትና ከአሮጌ ጋዜጣ አንድ በአንድ ለቅማ ያስገባችው እሷ ናት።

«የኔ ልጅ፣ ታሪክ በቅንፍ ይጀመራል?» አላት ገና ከበሩ።

«ጋሼ፣ እኛንም ደስ አላለንም» አለች። «አዳራሹ ግድግዳ ላይ የመጀመሪያውን ጎል አስቆጣሪ ፎቶ ልንሰቅል ነው፤ በገዛ መረቡ ያገባ ሰው መስቀል ያሳፍራል። ግን የዳኛው ሪፖርት እንደዚያ ይላል።»

«ዳኛው ፀሐይ ዓይኑን ወግታው ነበር! ያን ቀን ፀሐይዋ ራሷ ልታይ ዝቅ ብላ ነበር።»

«እንግዲያው ከሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ምስክር ይዘው ሐሙስ ይምጡ። ሁለቱም አፋቸውን ሞልተው ካልተናገሩ አንዲት ፊደል አልነካም።»

ከራሱ ቡድን ምስክር ማግኘት ቀላል ነበር። ያን የማዕዘን ምት የመታው የሚስቱ ወንድም ነው። አማቹ ፋርማሲስት ነው፤ ቀኑን ሙሉ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ሲል ስለሚውል ድምፁ ከዚያ ከፍ ማለት አይችልም። መብረቁ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት አንገቱን አስገብቶ «ሐሙስ ትመሰክርልኛለህ» አለው። አማቹ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። «እመጣለሁ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

የተጋጣሚውም ቀላል መስሎት ነበር። ማን ነው በገዛ መረቡ አገባ ተብሎ መጻፍ የሚወድ? ግንቡ ዛሬ ጎሚስታ ሆኗል። መብረቁ ሲደርስ ጎማ ከቸርኬ እያላቀቀ አገኘው።

«እንኳን ደስ አለህ!» አለው ከመኪናው ሳይወርድ። «ከሠላሳ ዓመት እስራት ላስፈታህ መጥቻለሁ!»

«ማን አሰረኝ?»

«ጎሏ ነቻ! በራስህ ላይ ተብላ የተጻፈችብህ። ያገባሁት እኔ ነኝ፤ ሄደህ ተናገርና ስምህ ይጥራ።»

ግንቡ የያዘውን ብረት አስቀምጦ በጥቁር ጣቱ ወደ ላይ አመለከተ። «ቀና በልና አንብብ።»

ከበሩ በላይ፣ ትልቅ ቢጫ ታፔላ ላይ፣ «የመጀመሪያው ጎል ጎማ ቤት» ተብሎ ተጽፏል።

መብረቁ ታፔላውን ሁለት ጊዜ አነበበው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ይህ የመጀመሪያው ነው። «አንተ ሰውዬ፣ በራስ ላይ ማግባት እኮ ውርደት ነው!»

«ሁለተኛው ቢሆን ውርደት ነው፤ የመጀመሪያው ግን ታሪክ ነው። ከኔ በፊት በዚህ ሊግ ጎል ያገባ አለ? የለም! በየትኛው በኩል ገባች ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛም የለም።»

«ቀማኛ!»

«ምቀኛ! ይልቅ የኋላ ጎማህ አየር ጎድሎታል። ከአፍህ ትንሽ ብትቀንስለት ይሞላ ነበር።»

«ሐሙስ ቢሮ እንገናኝ፤ እዚያ እናያለን!»

«እመጣለሁ እንጂ! ጎሌን ላስከብር!»

ሐሙስ ሦስቱም በኃላፊዋ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ግንቡ ኮት ለብሶ፣ ጥፍሩን ፈትጎ መጥቷል። ኃላፊዋ ሁለት ብርጭቆ እንደ ግብ ቋሚ አቁማ፣ ላጲሷን እንደ ኳስ መሃል አኖረች።

«ደንቡ ቀላል ነው» አለች። «ኳሷን መጨረሻ የነካው ማን ነው?»

«እኔ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ብዕሯን አስቀመጠች። «እኔ አላገባሁም ብሎ የሚምል ተከላካይ ብዙ አይቻለሁ። በራሴ ላይ ያገባሁት እኔ ነኝ ብሎ የሚሟገት ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

ግንቡ ደረቱን ነፋ። ኃላፊዋ ፋይሉን ልታጥፍ እጇን ዘረጋች። መብረቁ ዜሮውን አየው፤ ክብ ሆኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ ከስሙ ጎን ሊቀመጥ ሲመጣ። የሰውዬው ብልሃት ግን እንደ ዝላዩ ነው፤ የሚነሣው መሬት ሊነካ ሲል ነው። ትከሻውን ጣል አደረገና ድምፁን አለዘበ።

«ተረትቻለሁ። ጻፊለት፣ የኔ ልጅ። ሐቁን ለመናገር ግንቡ ኳስ በግንባሩ መምታት አይሆንለትም ነበር። ኳስ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ምስኪን።»

«ማነው ዓይኑን የሚጨፍነው?» አለ ግንቡ።

«አይዞህ፣ እዚህ ያለነው ወዳጆችህ ነን። ግንባሩ ደካማ ስለነበረ ብለሽ ጻፊ። የኋላ ትውልድ ያዝንለታል።»

«የኔ ግንባር?» ግንቡ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «እኔ በግንባሬ የመታኋት ኳስ መሃል ሜዳ ሳትደርስ መሬት ነክታ ታውቃለች?»

«ሌሎቹን ተዋቸው። ያቺኛዋ ግን አመለጠችህ።»

«አላመለጠችኝም! ዓይኔን በልጥጬ፣ በመሃል ግንባሬ፣ ድው! አድርጌ አወጣኋት!»

«ወዴት?»

«ወደ ውጭ ነዋ! ወዳንተ!»

ማራገቢያው እንኳ ማቃሰቱን ተወ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ግንቡ እጁን ወደ አፉ ቢሰድም ቃሏ ወጥታ ሄዳለች።

«ወደ ጋሼ መብረቁ» አለች ኃላፊዋ እየጻፈች። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ!» አለና መብረቁ ተነሣ። ሃምሳን ባለፈ ዕድሜው፣ ከነሆዱ፣ እዚያው ቢሮ ውስጥ ዘለለ። ወደ ላይ የወረወራትን ላጲስ በግንባሩ ገጫት፤ በሁለቱ ብርጭቆዎች መካከል አልፋ፣ በመስኮት ወጥታ፣ ከታች የቆመ ጥበቃ ቆብ ላይ አረፈች። ጥበቃውም አጨበጨበ።

ኃላፊዋ ወደ ፋርማሲስቱ ዞረች። «ማዕዘኑን የመቱት እርስዎ ነዎት አይደል? እርስዎስ ምን ይላሉ?»

አማቹ መብረቁን አየው። የመብረቁ ፊት አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ ያበራ ነበር። አማቹ መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ጠረገ።

«እኔ ኳሷን ልኬያለሁ» አለ። «የቀረውን እነሱ ተነጋግረውታል።»

«በቃ፣ ተስማማችሁ» አለች ኃላፊዋ። ቁልፎቹን መታች፤ ቅንፉ ከእነሆዱ ጠፋ። የሊጉ የራስ ላይ ጎሎች ከመቶ አርባ ሁለት ወደ መቶ አርባ አንድ ወረዱ። ከመብረቁ ስም ጎን በዜሮው ፈንታ አንድ ቁጥር ቆመ፤ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ወታደር። ከኮምፒውተሩ የወጣው ብርሃን ክፍሉን ሞላው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ታፔላዬስ?» አለ ግንቡ በቀጭን ድምፅ።

«የመጀመሪያው ግንብ ብለህ አስለውጠዋ!» መብረቁ አቀፈው። «ኳሷን ማውጣትህን እኮ ሊጉ መሰከረልህ። የትኛው ተከላካይ እንዲህ ያለ ክብር አለው?»

ግንቡ ትንሽ አሰበበት። ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ጠጋ ብሎ፣ «ዓይኑን ሳይጨፍን የምትል ቃል ትጨመርልኝ» አለ።

«ትጨመራለች፣ ጋሼ።»

መብረቁ ደረጃውን ሲወርድ የሕንፃው ሠራተኛ ሁሉ ከየቢሮው ወጥቶ ነበር። አንዳንዱ ለምሳ ነው የወጣው የሚሉ አሉ፤ ክፉ ሰው መቼ ይጠፋል? ለፎቶው የሚሆነውን የአፍንጫውን ጎን እያሳየ፣ እጁን እያውለበለበ፣ በመሃላቸው አለፈ። ከውጭ ግንቡ ራሱ የኋላ ጎማውን አየር ሞላለት። ያለ ክፍያ!

ወደ ቤት ሲመለሱ መብረቁ መሪውን ያዘ፤ አማቹ ከጎኑ፣ በአሠልጣኙ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መንገዱ አልበቃውም። የትራፊክ መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆነው ጠበቁት።

«ዛሬ ማታ አማቴ ፊት ቆሜ ምን እንደምላት ታውቃለህ? እማማ፣ መነጽርዎን ያምጡ! ሠላሳ ዓመት ታገሥኩ፣ አማቼ። ሠላሳ ዓመት! ሕዝቡ ያውቅ ነበር፤ አንተም ታውቅ ነበር፤ ወረቀቱ ብቻ ነበር የማያውቀው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል!» ብሎ ሁለቱንም እጆቹን ከመሪው ላይ ወደ ሰማይ አነሣ።

አማቹ በእግሩ ሥር ያለውን ፍሬን ቀስ አድርጎ ረገጠ። መኪናዋ ቆመች። አንዲት ሴት የገበያ ዘንቢል ይዛ ከፊታቸው ተሻገረች።

«አመሰግናለሁ» አለ መብረቁ፣ እየሳቀ። «እንዳንተ ያለ ረዳት የት ይገኛል? አሁንም እንዳሻገርክልኝ ነው። እስቲ ንገረኝ፤ ከእግርህ ከወጣች ጀምሮ ያየሃት አንተ ነህ። እንዴት ነበረች?»

አማቹ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ መድኃኒት እንደሚያዝዝ ዓይነት ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«ያን ቀን ኃይለኛ ነፋስ ነበር። ሰውም ብዙ አልነበረም። ስመታት ወደ ውጭ የምትወጣ መስላኝ ነበር፤ ነፋሱ መለሳት። አንተና ግንቡ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተላትማችሁ ወደቃችሁ። ኳሷ ማንንም ሳትነካ በላያችሁ አልፋ ገባች።»

ከኋላቸው ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ። አማቹ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሣ።

«ሁለታችሁም ከመሬት ቀና ብላችሁ፣ ማን አገባ? ብላችሁ የጠየቃችሁት እኔን ነው።»