ዘጠና ሰከንድ

ቤተሰቦቿ ፈዛዛዋ ይሏታል። ቅጽል ስም ማውጣት የማይሰለቻቸው ሰዎች ናቸው፤ በዚህኛው ግን አልተሳሳቱም። ውሃ ቅጂ ስትባል ብርጭቆው ሞልቶ እስኪፈስ ቧንቧውን ስታይ ትቆማለች። እናቷ «ልጄ፣ ይሄ ልብሽ ሄዶ ሄዶ መቼ ነው የሚመለሰው?» ስትላት ፈገግ ትላለች።

እንዲህ ላለ ሰው የተፈጠረ ሙያ ካለ ደግሞ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ቀኑን ሙሉ በእጅ በማይዳሰስ ነገር ውስጥ ሲንሳፈፍ የሚውል ሰው ሌላ ቦታ ሰነፍ ይባላል፤ እዚያ መሐንዲስ ይሉታል። ፈዛዛዋም የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ለሦስት ወር ኢንተርንሺፕ አንድ ድርጅት ገባች። የገቡት ተማሪዎች ሦስት ናቸው፤ ሲመረቁ የሚቀጠረው ግን አንድ ብቻ ነው። ያቺን አንድ ቦታ እንዴት እንደፈለገቻት! ገና በመጀመሪያው ሳምንት በመስኮቱ ጥግ ያለውን ወንበር በልቧ ወርሳዋለች።

ቢሮው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምንጣፉ የእግር ኮቴ ይውጣል፤ መጋረጃው ፀሐይዋን አጥልሎ ወተት አስመስሎ ያስገባታል። ሠላሳ ሰው ተቀምጦ የሚሰማው የጣቶች ንክኪ ብቻ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ። ከምሳ በኋላ ሰዓቱ የቆመ ይመስላታል። ነቅታ ይሁን ተኝታ ለማወቅ አንዳንዴ የጠረጴዛውን ጠርዝ ትነካለች።

የሚያሠለጥናትን መሐንዲስ ሁሉም ሰው ሽማግሌው ይለዋል። ዕድሜው አርባ ሁለት ነው፤ በዚህ ሙያ አርባ ያለፈ ሰው ቅርስ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምትለው ተረት ከአፉ አትጠፋም፤ ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ እንኳ የሚላት እሷኑ ነው። ፈዛዛዋ ጋሼ ትለዋለች፤ ጥያቄ ደጋግማ ብትጠይቀው ፊቱን የማያጠቁርባት የመጀመሪያው አስተማሪዋ እሱ ነው።

የሰጣት ሥራ የአንድ የዓይን ክሊኒክ ተራ መጥሪያ ነበር። ሕመምተኛው ቁጥር ያለባት ወረቀት ይዞ ይቀመጣል፤ ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ይበራል፣ ድምፅ ይጠራዋል። ከዚያ ማሽኑ ሰውዬው በሩ ጋ እስኪደርስ ዘጠና ሰከንድ ይጠብቃል። ካልደረሰ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የእሷ ድርሻ ቁጥሩ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጊዜ እንዲጠራ ማድረግ ነው።

ሥራዋን ስትሞክር ታዲያ በየቁጥሩ ዘጠና ሰከንድ ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? ዘጠናውን ሦስት አደረገችው። ነውር የለውም፤ የሙያው ሰው ሁሉ ያደርገዋል፤ ሲጨርስ ይመልሰዋል። ቁጥሮቹ ስክሪኑ ላይ መፍሰስ ጀመሩ። ፈዛዛዋ አገጯን መዳፏ ላይ አስደግፋ ታያቸዋለች፤ ለየቁጥሩም ሰው ታበጅለታለች። ሃያ ሰባት ጃንጥላ የያዘች ሴት ናት። ሃያ ስምንት የሚያስነጥሰው ሰውዬ። ሃያ ዘጠኝ ከእህቷ ጋር የተኳረፈች ልጅ። ሁሉም ብድግ ብለው በብርሃን ውስጥ ሹልክ እያሉ በሩን ያልፋሉ፤ አንድም የሚዘገይ የለም። እንዲህ ስትዋኝ ቆይታ ሥራዋን አስረከበች፤ ሦስቱም ወደ ዘጠና ሳይመለስ አብሮ ሄደ።

በዚያ ቢሮ ሌላ ሰው ሳያየው የሚያልፍ ሥራ የለም። ሽማግሌው አነበበው። ድምፁን የሚመለከተውን ክፍል በደንብ ፈተሸ፤ ከታች ያለችውን አንዲት ቁጥር ግን ዓይኑ ዘለላት። «አንቺ እኮ ጠንቃቃ ነሽ» ብሎ አሳለፈው።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። የክሊኒኩ ነርስ ናት፤ ድምፅዋ በማጉያው ቢሮውን ሞላው።

«ኧረ ምን አድርጋችሁብን ነው? ቁጥሩ እንዳበደ ሰው ይሮጣል! ታካሚዎቹ ዓይናቸው ላይ ጠብታ ተደርጎላቸዋል፤ ሰሌዳውን አያዩም፣ ሲነሱ ቁጥራቸው አልፏል!»

ፈዛዛዋ ክው አለች። ሦስቱ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ሽማግሌው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዘጠናውን መለሰ፤ በስድስተኛው ደቂቃ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ከበላዩ ቆማለች።

«ይሄን ያሳለፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሽማግሌው። ቀና ብሎ ፈዛዛዋን አላያትም። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ባለፈው ወር አንድ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ሁለተኛ ከመጣ የሚመራው ቡድን ከእጁ እንደሚወጣ ቢሮው ሁሉ ያውቃል፤ ፈዛዛዋም ታውቃለች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የመስኮቱ ጥግ ወንበር ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እውነት ነው፣ አይነቅዝም፤ ግን እንዲህ እንደሚከብድ የነገራት ሰው አልነበረም።

«አንድ ሰው ክሊኒኩ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ» አለች ሥራ አስኪያጇ። ፈዛዛዋ ከማንም ቀድማ ተነሳች። ከዚያ ክፍል ለመውጣት ገደል ግቢ ቢሏትም ትገባ ነበር።

የክሊኒኩ መጠበቂያ ረጅም ክፍል ነው፤ ወንበሮቹ ከወዲያኛው ግድግዳ፣ የሐኪሙ በር ከወዲህኛው ጫፍ። ሰዎቹ ዓይናቸውን ከብርሃን ለመከለል አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ጃንጥላ የያዘችም፣ የሚያስነጥስም የለም። የተራ ወረቀታቸውን በሁለት እጃቸው የያዙ አንዲት አሮጊት አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ወረቀቷ ላይ አርባ አንድ ይላል፤ ሰሌዳው ላይ ሰባ ስድስት።

«እማማ፣ ቁጥርዎ አልፏል እኮ።»

«አልፏል አይደል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አርባ አንድ ሲል የሰማሁ መስሎኝ ነበር። ተነሳሁ፤ ወዲያው ሌላ ጠራ። ዓይኔ ሄደ፣ አሁን ደግሞ ጆሮዬም ተከተለው ብዬ ቁጭ አልኩ። ለልጄ እንዳትነግሪብኝ፣ ብቻዬን አትወጪም ትለኛለች።»

ፈዛዛዋ አንገታቸውን የደፉትን ሌሎቹንም አየቻቸው። ከእነሱ ማንም ማሽኑን አልጠረጠረም፤ እያንዳንዱ ራሱን ጠርጥሮ ተቀምጧል።

«ጆሮዎ ደህና ነው እማማ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ማሽኑን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ወደ ድምፅዋ ዞሩ። «አንቺ? ሕፃን አይደለሽ እንዴ!» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው የልብ ነበር። ነርሷ ያለፉትን ስትደግም አርባ አንድን እንደገና ጠራች። ፈዛዛዋ ክንዳቸውን ይዛ አነሳቻቸው። መነሳቱ ብቻ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው ዳበሱ፣ ከዚያ ቦርሳቸውን። ሳታስበው በልቧ መቁጠር ጀምራ ነበር። ዘጠና ስትደርስ ገና የክፍሉ መሃል ናቸው። በሩን ሲነኩ መቶ ሠላሳ ሰባት ሆነ።

ትክክለኛ የተባለውም ቁጥር ትክክል አልነበረም። ቁጥሩን ከወሰኑት ይህን መንገድ አንድም ሰው አብሯቸው ሄዶበት አያውቅም።

ስድስተኛ ፎቅ ስትመለስ አሳንሰሩን አልጠበቀችም፤ በደረጃው ወጥታ እያለከለከች ሥራ አስኪያጇ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። ሽማግሌውም እዚያው ነበር።

«ሦስቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ለሙከራ ብዬ ቀይሬው ረሳሁት። ጠዋት ዝም ያልኩት ቦታውን ፈልጌ ነው። ደግሞም ዘጠናው አይበቃም፤ አብሬያቸው ሄጄ ቆጠርኩት።»

ሥራ አስኪያጇ መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣች። «ቦታው ላንቺ እንዲሆን ትናንት ፈርሜበት ነበር» አለች፤ ቁጣ አልነበረባትም። «አሁን ግን አልችልም። ስህተቱ ይቅር፤ ጠዋት ሰው ባንቺ ምክንያት ሲወቀስ ቆመሽ አየሽ። ሽማግሌውን ግን እተወዋለሁ፤ ማስጠንቀቂያ አልጽፍበትም።»

ፈዛዛዋ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ አለቀሰችም። አፍራ አልነበረም፤ ቦታውን ከልቧ ትፈልገው ስለነበር ነው። ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌው መጥቶ ጎኗ ተቀመጠ።

«ሞኝ ነሽ» አላት።

«ነኝ ጋሼ።»

«ልምምድሽ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ነገ እንዳታረፍጂ።»

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ዘጠናውን ስንት እናድርገው?»

ሽማግሌው ከደረጃው ተነሳ። «አላውቅም» አላት። «ነገ ጠዋት ሄደን አብረናቸው እንራመድ።»