የጋራው ፍል ውሃ

ራንቬይግ መዳፏን ቧንቧው ላይ አሳርፋ ቆየች። ሌላ ቀን ቢሆን ጣት አያስነካም ነበር፤ ዛሬ ለብ ብቻ ብሏል። የመስታወት ቤቱ ቴርሞሜትር አሥራ ሦስት ዲግሪ ያሳያል፣ እሱም እየወረደ ነው። ውጭ በረዶው ጉልበት ይደርሳል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆኖም ገና አልነጋም። በመብራት የሚያድጉት ሁለት ሺህ የቲማቲም ተክሎቿ የአይስላንድን ብርድ በወሬም አያውቁትም። ሙቀቱ እንዲህ መውረዱን ከቀጠለ አበባቸው ይረግፋል፤ አበባው ከረገፈ ደግሞ ለሬይኪያቪክ ሱቆች የምትልከው አይኖራትም።

ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አላስፈለጋትም። ካፖርቷን ደርባ ወደ ታናሽ ወንድሟ ወደ ኦርሙር የእንግዳ ማረፊያ ሄደች። ሁለቱም ቤታቸውን የሚያሞቁት ከአንድ ጉድጓድ በሚስቡት ፍል ውሃ ነው።

ኦርሙር አዲሱ የፍል ውሃ ገንዳ ዳር ቆሟል። እንፋሎቱ ውስጥ ስድስት ቱሪስቶች ተዘፍዝፈዋል። የማረፊያው መስኮቶች በሙሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል። የአገሩ ልማድ ነው፤ ቤት ሲሞቅ ማሞቂያ የሚቀንስ የለም፣ መስኮት ይከፈታል። ራንቬይግም ስትከፍት ነው የኖረችው፤ ዛሬ ግን ብክነት ሆኖ ታያት።

"ሙቀቱን ለበረዶ እያበላኸው ነው" አለችው።

"እህት ዓለም፣ መጀመሪያ እንደምን አደርክ አይባልም?"

"ቲማቲሞቼ ደህና አላደሩም። ገንዳውን ዝጋልኝ።"

"እንግዶቹ የመጡት ለሱ እኮ ነው። ነገ ሲሄዱ እቀንሰዋለሁ።"

"ባለፈው ሳምንትም ነገ ብለኸኝ ነበር።"

"ታዲያ ቲማቲም ከስፔን ይመጣ የለ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። "እኔ ራሴ ለቁርስ የማቀርበው የነሱን ነው።"

ለቀልድ ነበር ያለው። እሷ ግን ከአንገት በላይ እንኳ መሳቅ አቃታት። የገዛ ወንድሟ፣ በመቶ እርምጃ ርቀት ላይ ያለውን የእህቱን ቲማቲም ትቶ። ዞራ ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

ከጉድጓዱ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሦስት የውሃ መዝጊያ ቫልቮች አሉ፤ አንዱ የመስታወት ቤቱ፣ ሁለቱ የኦርሙር ናቸው፤ የማረፊያውና የገንዳው። አባታቸው ጉድጓዱን ሲያወርሳቸው አንዳቸው የሌላውን ቫልቭ እንዳይነኩ አስምሏቸዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነክታ አታውቅም።

የማረፊያውን ተወችው፤ ሰው በብርድ እንዲንቀጠቀጥ አልፈለገችም። የገንዳውን ግን በሁለት እጇ ይዛ እስኪከረቸም አዞረችው። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

"ኦርሙር፣ ብልሽት መስሎህ ባለሙያ እንዳትጠራ። የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

"አብደሻል እንዴ? ለአባባ ምን ብለን ነበር የማልነው?"

"አልረሳሁትም። ከፈለግክ መጥተህ ክፈተው፤ እኔ በሩ ላይ ነኝ።"

ስልኩን ኪሷ ከተተችና ደፉ ላይ ተቀመጠች።