ማህተም ያረፈበት ዝሆን

እና ማህተሙን የመታሁት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ አንድ በአንድ፣ ማንን እወቅሳለሁ፣ እዚህ ቤተ መጻሕፍት ማህተም ያላረፈበት ነገር አይወጣም፣ መጽሐፉም መጽሔቱም፣ መጫወቻ ካርታው ታዲያ ለምን ይቅር፣ ደንቡን ያወጡት ደግሞ ይኸው ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ዳይሬክተር ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈዋል፣ እንዳላይባቸው። ጉድ እኮ ነው። እሳቸው ፊቱን ይደብቃሉ፣ እኔ የማነበው ጀርባውን።

ጉዱ የገባኝ ዛሬ ጠዋት ነው፣ የጨዋታውን መደርደሪያ ለተማሪዎች ገና ከመክፈቴ አንዱ ቀጫጫ ልጅ ሁሉንም ይረታ ጀመር፣ ምን አግኝተህ ነው ዛሬ ሲሉት፣ ምንም፣ ማዘር ምልክት አድርጋልናለች እኮ፣ ማህተሙ የተዘቀዘቀው ዝሆን ነው፣ የተጨማለቀችው አይጥ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሌላ ካርታ ከየት ላምጣ፣ ከምሳ በኋላ ዳይሬክተሩ ከች፣ አንድ ጨዋታ ልጫወትና እወስናለሁ አሉ፣ የማይረባ ከሆነ መደርደሪያው ለአሮጌ ጋዜጦች ይመለሳል። ለዚህች መደርደሪያ ስንት ለመንኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ መዋለ ሕፃናት እየተባልኩ።

ሕጉ ቀላል ነው፣ ሁለታችንም አንድ አንድ ካርታ ደፍተን እናስቀምጣለን፣ እንገልጣለን፣ ትልቁ እንስሳ ትንሹን ይበላል፣ ዝሆንን ግን አይጥ ትረታዋለች፣ ቀድሞ አምስት የበላ አሸነፈ። አራት ለአራት ነን። እዚህ እንዴት እንደደረስን እኔ ነኝ የማውቀው፣ ላለማሸነፍ ያልሆንኩት የለም፣ ሰውየው ሲሸነፉ ለጉድ ነው፣ በግ ሲያወጡ ጥንቸል እፈልጋለሁ፣ እሳቸው ጥንቸል ሲያወጡስ ምን ላውጣ፣ አይጧ ያኔ እሳቸው ጋ ነበረች፣ ጉንዳን የለን።

ልሸነፍላቸው። ምን ይጎድልብኛል፣ ደስ ብሏቸው ይውጡ፣ መደርደሪያዬ ትቅርልኝ። ግን ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ልጅ ሆነን በዳማ እኔ ሁልጊዜ አሸንፈው ነበር፣ ሰፈሩን በጉራ አላስቀምጥም፣ አንድ ቀን ጓዳ ውስጥ ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁት፣ እንዳታለቅስ ብዬ ነው የምሸነፍላት። ያን ቀን ያለቀስኩትን! ተሸንፌ እንኳ እንዲያ አላለቅስም። ተናቅኩ፣ በገዛ ወንድሜ። ይኸው ማህተም ስመታም እሱ ነው የደወለው፣ ስልኩን ላነሳ ስል ቀለሙ አይጧ ላይ ተጨማለቀ፣ እሷም አሁን ከክምሩ ዞራ እጄ ገብታለች።

አንቺ፣ ምን ትጠብቂያለሽ። ይቅርታ ዶክተር፣ እያሰብኩ ነው። ካርታቸውን ደፍተው አስቀምጠዋል፣ ማህተሙ የተዘቀዘቀ። ዝሆን። በግ ካወጣሁ ተሸነፍኩ፣ ሁሉም ሰላም። አይጥ ካወጣሁ አለቃዬን በተማሪ ፊት፣ ያውም በማጭበርበር። ቀጫጫው ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንገቱን አስግጎ በዓይኑ ይማጸነኛል፣ በግ፣ ማዘር፣ በግ።

አይጧን አስቀመጥኩ። እንደ ጋሼ ልሸነፍላቸው አልቻልኩማ።

ተገለጠ። ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ካርታዎን ከመጀመሪያው ሳይ ነበር፣ ማህተሙ ያሳብቃል። አውቃለሁ አሉ፣ እኔስ ዓይን የለኝም እንዴ፣ ያንቺን ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ እያየሁ ነው። ታዲያ? ታዲያማ፣ እዚህ ግቢ ሰው ሁሉ ይሸነፍልኛል፣ በስብሰባውም በክርክሩም፣ ሰለቸኝ፣ አንቺም ልትሸነፊልኝ ስትፍጨረጨሪ በሳቅ ልሞት ነበር። ያልተመታ ካርታ ይገዛ፣ ማህተሙ ሳጥኑ ላይ ይበቃል፣ መደርደሪያው ይቆይ። ተነሱ፣ ወንበራቸውን መለሱ፣ ወጡ።

ይቆይ። ይቆይ አሉ! ተማሪዎቹ ይጮኻሉ፣ ቤተ መጻሕፍት ነው ብዬ ልቆጣ አፌን እከፍትና እተወዋለሁ፣ ዛሬ ይጩኹ፣ ካርታውን እሰበስባለሁ፣ በጉን፣ ጥንቸሉን፣ አይጧን፣ ቆይ፣ የተጨማለቀችውን አይጥ እጄ ላይ እያዩ ነው ዝሆኑን ያወጡት። እያዩ። ያ ሁሉ ጥንቸልም ሆን ብለው ነዋ። ወይ ጉዴ፣ እሳቸውም እንደ ጋሼ፣ የለም የለም፣ እንዲህማ አይቀርም፣ ኮሪደሩ ላይ ልድረስባቸው፣ ዶክተር! ዶክተር ይቁሙ! ነገ፣ ባልተመታ ካርታ፣ ያለ ምሕረት