የአባቴ ቀይ ሸሚዝና የእትዬ ኦዴሳ መቀስ

ያዙ በሚባለው ወንዝ ዳር ባለው የአደን ሰፈራችን ሕጉ የታወቀ ነው፤ አጋዘን ተኩሶ የሳተ ሰው የለበሰው ሸሚዝ ከኋላ ጫፉ ይቆረጣል። ቁራጩ ስምና ዓመት ተጽፎበት በጎጆው ግድግዳ ላይ ይቸነከራል። እኔ ላቬል፣ በመላው ሚሲሲፒ የንስር ዓይን ያለኝ ሰው፣ በዚያ ኅዳር በአንድ ሳምንት ሁለት ሸሚዝ አስቆርጬ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የተረፈኝ የሟቹ አባቴ ቀይ የሱፍ ሸሚዝ ብቻ ነው።

አባቴ በዕድሜው አንዲት ጥይት አላባከነም። ያንን ሸሚዝ ለብሶ የጣለው አጋዘን ቀንዱ በበር አልገባ ብሎ የጎጆውን ጣሪያ አንስተናል። ሸሚዙ ከኋላ ጫፉ እናቴ ከቀይ የመጋረጃ ጨርቅ ቆርጣ የጣፈችው እራፊ አለው፤ አባቴ ከድብ ጋር ሲታገል ድቡ የገነጠለበት ቦታ ነው።

ማማዬ ላይ እንዳለሁ አንድ አጋዘን በሰማንያ እርምጃ ላይ ጎኑን ሰጠኝ። የጋራዥ በር የሚያህል ጎን። ተኮስኩ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ያዘነልኝ መሰለኝ፣ ከዚያ እያዘገመ ሄደ። ሮጦ እንኳ አልሄደም።

የሰፈሩ አለቃ ቴርማን በረንዳው ላይ መቀሱን በሱሪው እየወለወለ ጠበቀኝ።

"ዙር ወንድሜ፣ ጀርባህን ስጠኝ።"

"ይህንንማ አትነካውም። የሳተው ጠመንጃው ነው።"

"ማክሰኞ ነፋሱ ነበር፣ ሐሙስ ጥይቱ። ዛሬ ጠመንጃው ሆነ? ነገ ደግሞ አጋዘኑ ቆሞ አልጠበቀኝም ትለን ይሆናል።"

"እትዬ ኦዴሳ ይፍረዱኝ" አልኩ። ጥፋቱ የጠመንጃው ከሆነ ሸሚዙ ምሕረት ያገኛል፤ ይኼም ሕግ ነው።

እትዬ ኦዴሳ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድተዋል፤ ከግድግዳችን ላይ የእሳቸው ቁራጭ የለም። የምትበር ዝንብ ግራ ክንፏን ብቻ መትተው ይጥላሉ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የያዙትን የበቆሎ ዳቦ አስቀመጡና ጠመንጃዬን ተቀበሉኝ።

ጠመንጃው ላይ ያለውን የማነጣጠሪያ መነጽር ብሎኖች አንድ በአንድ ሞከሩ። ሁሉም ጠብቀዋል።

"ማማው ላይ ምን አስደግፈኸው ነበር? ብረቱን እንዳትለኝ፤ ብረት ላይ ያረፈ ጠመንጃ ሲተኮስ ይነጥራል።"

"ቦርሳዬን ነው።"

"ጥይቱስ? መነጽሩን ያስተካከልክበት ዓይነት ነው?"

"ያው ራሱ ነው።"

መቶ እርምጃ ላይ ወረቀት አሰቀሉና ሦስት ጊዜ ተኮሱ። ሦስቱን ቀዳዳ በአንድ የሸሚዝ ቁልፍ መሸፈን ይቻል ነበር። ቴርማን በስኒ ነው ይላል፤ ቴርማን ዓይኑ ደካማ ነው።



"አሁን አንተ" አሉኝ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጥይቱን ራሳቸው እያጎረሱ ያቀብሉኝ ጀመር። የመጀመሪያውን ተኮስኩ። ሁለተኛውን ምላጭ ስስብ ጠመንጃው ቀጭ ብሎ ዝም አለ። አፈሙዙ ግን ጥሬ እንዳየች ዶሮ ወደ መሬት አጎነበሰ፤ ዓይኖቼም ተጨፍነው ነበር። ያጎረሱት የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ኖሯል።

የበረንዳው ሳቅ ሦስት ወረዳ ተሻግሮ ተሰማ።

"ጠመንጃው ጨዋ ነው" አሉ እትዬ ኦዴሳ ዝግ ብለው። "ገና ሳይጮህብህ ነው የምትደነግጠው። አባትህም እንዲሁ ነበር።"

"አባቴ ስቶ አያውቅም።"

ጎጆው ውስጥ ገብተው አንድ የድሮ ካላንደር ከግድግዳው ገለጥ አደረጉ። ከሥሩ ቀይ የሱፍ ቁራጭ አለ፤ የአባቴ ስም፣ 1981።

"ሸፍኝልኝ ብሎ ለመነኝ። በባዶ ቀለህ አንድ ወር አለማመድኩት። ያንን ትልቁን አጋዘን የጣለው ከዚያ በኋላ ነው።"

"ድቡስ?" አልኩ።

"ድቡ እኔ ነኝ ልጄ፤ ከነመቀሴ።"

ቴርማን እንኳ አልሳቀም። መቀሱን ግን አነሳ። "ያም ሆነ ይህ ሕግ ሕግ ነው" አለ።

"ወዲህ በለው" ብለው ተቀበሉት። ጎንበስ ብለው የሸሚዙን ጫፍ ያዙና የእናቴን ስፌት ተከትለው ቆረጡ። ከአባቴ ሱፍ አንዲት ክር አልተነካችም፤ የወደቀው እራፊው ብቻ ነው። ሕጉም ተፈጸመ፣ ሸሚዙም ተረፈ። የአገሪቱ ዳኞች በሙሉ ተሰብስበው ሰባት ዓመት ቢመክሩ እንዲህ ያለ ፍርድ አያመጡም።

ስሜን በራሴ እጅ ጽፌ እራፊውን ከአባቴ ቁራጭ ጎን ቸነከርኩት። ካላንደሩን መልሼ አልሰቀልኩትም። ባዶዋን ቀለህ እትዬ ኦዴሳ ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በቀን አምስት ሺህ ጊዜ እለማመድባታለሁ።

እሑድ ሸሚዙን ለእናቴ ወሰድኩላት። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። የተቆረጠውን በጣቷ ለካች፣ ከሣጥኗ ያንኑ ቀይ የመጋረጃ ጨርቅ አወጣች፣ በመርፌዋ ክር ሰካች።

"ድብ ነው?" አለችኝ ቀና ሳትል።

"ድብ ነው እማ" አልኳት። "በጣም ትልቅ።"