የዳለቻ ባለአክሲዮኖች

ዳለቻ ከኩታበር ተነድቶ ደሴ ሲገባ የቀረው ዕድሜ አራት ወር ነበር። ለዓረፋ የተገዛ የቅርጫ በሬ ስለሆነ መጨረሻው ከገበያው ጀምሮ የታወቀ ነው። ሰባት መደብ ይወጣዋል፤ ስድስቱ እኩል ብር ያዋጡ የሰኞ ገበያ ሰፈር ጎረቤቶች፣ ሰባተኛው የሸሪፋ። ሸሪፋ ብር አታዋጣም። በሰፈሩ ሰፊ ግቢ ያላት እሷ ብቻ ስለሆነች በሬው እሷ ዘንድ ይታሰራል፤ ታበላዋለች፣ ታጠጣዋለች፣ ለድካሟ አንድ መደብ ሥጋ ትወስዳለች። ለዓመታት እንዲህ ሲደረግ ኖሯል፤ አንድም ሰው ተጣልቶበት አያውቅም።

ዘንድሮ ግን ሸሪፋ አንድ ነውር ሠራች፤ በሬውን ወደደችው። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን ትኖራለች። ጠዋት በሯን ስትከፍት ዳለቻ አንገቱን ያዞራል። ከዚህ ሌላ ያደረገላት ነገር የለም፤ ለእሷ ግን በቂ ሆነ። ገለባውን እያቀረበች ሽንኩርት ስንት እንደገባ፣ ማን ማንን እንዳማ ትነግረዋለች፤ እሱም እያመነዠከ ይሰማታል። ሳያቋርጣት የሚሰማ ፍጡር ካገኘች ቆይታለች። ዓረፋ ሲቃረብ ምግብ አልወርድልሽ አላት። እንዳይታረድ ትፈልጋለች፤ ይህን ብትናገር ግን ሰኞ ገበያ መሳቂያ ያደርጋታል። ለቅርጫ በሬ ያለቀሰች ሴት በደሴ ታይታ አትታወቅም።

መላ ያመጣላት የቅርጫው ጸሐፊ ሁዘይፋ ነው። ሁዘይፋ ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። እዚያው ኮምቦልቻ የፋይናንስና የኢንቨስትመንት ቃላትን ለመረዳት የሚረዳ የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጠውና ሠላሳ ገጽ መጽሐፍ ይዞ፣ ድምፁን አወፍሮ ተመለሰ። የቅርጫውን ሰዎች ሸሪፋ ግቢ ሰበሰባቸው።

«ያ ጀማዓ፣ እስከ ዛሬ ጨለማ ውስጥ ነበርን» አለ። «ይኼ በሬ ሥጋ አይደለም፤ ካፒታል ነው። እኛም በላተኞች አይደለንም፤ ባለአክሲዮኖች ነን።»

ጋሽ አብዱልወሀብ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው፤ በየዓመቱ የሚያርዱትም እሳቸው ናቸው። «ታዲያ መቼ ነው የምናርደው?» አሉ።

«ካፒታል አይታረድም፣ ጋሼ። ብር ኪስ ውስጥ ተቀምጦ በዋጋ ግሽበት ይከሳል። ዳለቻ ግን እንደቆመ ዋጋው ይጨምራል። ካረዱት በሉት፣ አለቀ። ካቆዩት የትርፍ ድርሻ ያገኛሉ።»

«የትርፍ ድርሻ ማለት?»

ሁዘይፋ መጽሐፉን ገልጦ አነበበ። «ዋናው ሀብት ሳይነካ ከሀብቱ የሚወጣ።»

ሁሉም ዞረው ዳለቻን ተመለከቱ። ዳለቻም ሳይነካ ከሱ የሚወጣውን ነገር እዚያው በፊታቸው አወጣ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሁዘይፋ ግን አልሳቀም። መጽሐፉ ያለውን ካልሠሩበት መሠልጠኑ ምን ይረባል? ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ የሳምንቱ እበት በሰባት መደብ እኩል ይመደባል፤ ልክ እንደ ሥጋው ዕጣ ይጣላል። አንዱ ቁልፉን፣ አንዱ ሳንቲም፣ ጋሽ አብዱልወሀብ ደግሞ አንዲት የተምር ፍሬ ለዕጣ ይሰጣሉ። አንዱ «የኔ መደብ አነሰች» ብሎ ተነሣና ከሌላው ሦስት ጭብጥ ተቀንሶ ተጨመረለት። የተከበሩ የሰፈር ሰዎች የትርፍ ድርሻቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ሲወጡ ሕፃናት ተከተሏቸው። በሁለተኛው ሐሙስ ስድስቱም ድርሻቸውን ለሸሪፋ ትተውላት ሄዱ። ሸሪፋ ጠፈጠፈችው፣ አደረቀችው፣ ኩበቱን ገበያ አውጥታ ሸጠችው። ከሁሉም ውስጥ ትርፉን መልሶ ሥራ ላይ ያዋለ ባለአክሲዮን እሷ ብቻ መሆኗን ሁዘይፋ እንኳ ልብ አላለም።

ቀጥሎ የአክሲዮን ሽያጭ መጣ። የበሬ ዋጋ በየሳምንቱ ሲሰቀል ሁለት ጎረቤቶች መደባቸውን በትርፍ ሸጠው ወጡ። ገዢው በላቸው ነው። በላቸው ከሸሪፋ በር አጠገብ ፍራሽ የሚሸጥ፣ ማኅበሩንና ጾሙን የማያጓድል ክርስቲያን ነው።

«አንተ የኛን እርድ አትበላ፤ ምን ልታደርገው ነው?» አሉት ጋሽ አብዱልወሀብ።

«ለመብላት አይደለም፣ ጋሼ። ይጨምራል ብዬ ነው።» ቀጥሎ፣ ለጨዋታ ይሁን ለቁም ነገር ባይታወቅም፣ «ደግሞ ከታረደ ሁለት ሰባተኛው በስመ አብ ተብሎ ነው የሚታረደው» አለ።

ይህ ቃል አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀ። በበሬው ላይ ድንበሩ የት እንደሚያልፍ ለማወቅ ሁዘይፋ በኖራ መስመር አሰመረ፤ ዳለቻም መስመሩን በጅራቱ አጠፋው። በመጨረሻ ጋሽ አብዱልወሀብ እጃቸውን አነሡ። «ከወገቡ ወዲያ ያለው ያንተ ይሁን ብንልህ እንኳ፣ አንገቱ አንድ ነው» አሉ። ለዚህ መልስ የሚሆን በመጽሐፉ ውስጥ አልተገኘም፤ ሁዘይፋ ነገሩን ለጠቅላላ ጉባኤ አስተላለፈው።

ሸሪፋ ያን ቀን ጥግ ላይ ቆማ ስትሰማ የገባት ነገር ለሠለጠነው ለሁዘይፋ ከገባው ይበልጣል። ጉባኤ ካለ ድምፅ አለ፤ ድምፅ ደግሞ ይገዛል። በማግስቱ የኩበቱን ብር ይዛ፣ የጎደለውን በጆሮ ወርቋ ሽያጭ ሞልታ፣ ከአንድ ጎረቤት ሁለተኛ መደብ ገዛች። ቆጠረች፤ የእሷ ሁለት፣ የበላቸው ሁለት፣ አራት። ከሰባት አራት ያለው ያሸንፋል። ዕድሜዋን ሙሉ ስለ አንድ ነገር አሸንፋለሁ ብላ አስባ የማታውቅ ሴት እየዘፈነች ገለባ አቀረበች።

ጉባኤው ዓረፋ ሳምንት ሲቀረው ተደረገ። ይታረድ ያሉት ጋሽ አብዱልወሀብ፣ ጎረቤታቸው ሀፊዝና ሌላ ማንም ሳይሆን ራሱ ሁዘይፋ ናቸው፤ ሚስቱ ሙና ዓረፋን ያለ ሥጋ ካዋላት እናቷ ዘንድ እንደምትሄድ ነግራው ነበር። አይታረድ ያሉት ሸሪፋና በላቸው። አራት ለሦስት። ሸሪፋ «አልሐምዱሊላህ» ያለችው ሳይታወቃት ነው።

ደስታዋ አንድ ሲኒ ቡና የሚጠጣበትን ጊዜ ያህል እንኳ አልቆየም። በላቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ካልታረደ፣ አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ መቶ ሰባ አምስት ሺህ ብር ዋጋ ሰጥቶኛል። ይሸጥ የምትሉ?»

ከሷ በቀር ሁሉም እጅ ወጣ። በላቸው ለመብላት አልገዛም፤ ለማኖርም አልገዛም። ሸሪፋ ግን አይታረድ ያለ ሰው ሁሉ እንደሷ የሚወድ መስሏት ነበር። አምስት ለሁለት።

ዳለቻ በጭነት መኪና ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ሁዘይፋ ለእያንዳንዱ መደብ ሃያ አምስት ሺህ ብር እያከፋፈለ ሸሪፋን በሁሉም ፊት አስነሥቶ አስጨበጨበላት፤ ሁለት መደብ ይዛ ሃምሳ ሺህ የወሰደች የዓመቱ ምርጥ ኢንቨስተር ናት። ሌሎቹ በትርፋቸው ለዓረፋ ሥጋ በኪሎ ሊገዙ ሄደው ዋጋውን ሲሰሙ ግማሽ መደብ እንኳ እንደማይሞላላቸው አወቁ። ሸሪፋ ይህን አልሰማችም። ጠዋት በሯን ከፍታ ባዶውን ግቢ ካየች በኋላ ብሩን ጉያዋ ከትታ ሁዘይፋን ከቤቱ ጠራችው።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሙቀቱ ጀምሯል። የነጋዴው የዘካሪያ በረት ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ አርባ የሚሆኑ በሬዎች ቆመዋል። ዳለቻ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እየበላ ነበር፤ ቀና ብሎ አላያትም።

«ይህን በሬ በስንት ትሸጥልኛለህ፣ ልጄ?» አለችው ዘካሪያን።

«ለሆቴል ነው፣ እናቴ፤ ነገ ይታረዳል። ግድ ካሉ ሁለት መቶ ሺህ።»

ሃምሳ ሺህ ነው ያላት። ሁዘይፋ ክንዷን ያዝ አደረገ። «እንመለስ፣ እትዬ ሸሪፋ። ስሜትና ኢንቨስትመንት አብረው አይሄዱም።»

እሷ አልተነቃነቀችም። «እሺ፣ አንድ ቀን ብታቆየው ስንት ትከስራለህ?»

ዘካሪያ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ አያውቅም፤ ነጋዴ ነውና ግን አልሳቀም። መኖውን አሰበ፣ ጠባቂውን አሰበ፣ ለሆቴሉ ተለዋጭ በሬ ለመስጠት የሚጎድልበትን አሰበ። «ሁለት ሺህ አምስት መቶ» አለ።

«ሃያ ቀን ነዋ» አለችና ብሩን ከጉያዋ አወጣች።

ሁዘይፋ ደነገጠ። «ወላሂ ይኼ ንጹህ ኪሳራ ነው፣ እትዬ። ከሃያ ቀን በኋላ ብሩም የለም፣ በሬውም የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ሊያተርፉ ነው?»

ሸሪፋ ብሩን ለዘካሪያ እየቆጠረች መለሰችለት። «ባሌ መሕሙድ ሆስፒታል ሲያጣጥር ሐኪሙ እግር ላይ ወድቄ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ጨምርልኝ፣ ቤቴን ሽጬ እከፍላለሁ አልኩት። እናቴ፣ ይኼ አይሸጥም አለኝ። ይኼ ሰውዬ ግን ይሸጥልኛል።»

ሁዘይፋ ዓይኑን ወደ አስፋልቱ አዞረ። ዘካሪያ ቆጥሮ ጨረሰና የሃያ ቀን ደረሰኝ ጻፈላት። ሸሪፋ ደረሰኙን አጥፋ ያዘችና በበረቱ አጠገብ ሰው የሚቀመጥበት ጥላ ያለ እንደሆነ ጠየቀችው።